መልአከ ደረሰኝ ባየውና ስም የሌላት ታካሚ

በየሰፈሩ ወረቀት የማይጥል አንድ ሰው አለ። ሰፈሩ ሲቆረቆር ቀድሞ የተተከለው ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን ይህ ሰው፣ ሽማግሌዎች እስካሁን አልተስማሙም፤ ብቻ እሱ የሌለበት ሰፈር አልተገኘም። እናንተም ሰፈር አለ። የዛሬ ሃያ ዓመት የከፈለበትን የግብር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ጠቅልሎ፣ ሁለቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ ቆጥ ላይ ያስቀመጠው ሰውዬ ነው። ቤቱ እሳት ቢነሣበት መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ከረጢት ነው። ሚስቱ ይህን ታውቃለች፤ ተቀይማ ተቀይማ ትታዋለች።

በጎረቤላ ከተማ ያለው ጋሽ ባየው ይባላል። ድሮ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጸሐፊ ነበር። መጋዘኑ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጸሐፊው ግን አልፈረሰም። ጎረቤቶቹ አብዛኞቹ የካህናት ወገን ስለሆኑ በመንደሩ ማዕረግ አይጠፋም። መልአከ ሰላም አለ፤ መልአከ ብርሃን አለ፤ ሊቀ ጠበብት አለ። ጋሽ ባየው ክህነትም ዜማም የሌለው ሰው ቢሆንም እንዲሁ ባዶውን መቅረቱ አላምር ስላላቸው አንድ ቀን ተመካክረው «መልአከ ደረሰኝ» አሉት። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ሹመቱ ደስ ይላል፤ የሹመት ደብዳቤው የታል?» አለ።

አሊዩ አምባ ገበያ ወርዶ ዶሮ ሲገዛ ደረሰኝ ጠይቋል። ሻጩ ሽማግሌ ፂማቸውን ዳብሰው፣ «ወላሂ፣ ዶሮዋ ራሷ ደረሰኝ ናት። የጠየቀህ ሰው ካለ ትጮህለታለች» አሉት። ጋሽ ባየው አሰበበትና ቀኑን፣ ዋጋውንና የዶሮዋን መልክ በገዛ እጁ ጽፎ አስፈረማቸው። ዶሮዋ ከተበላች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወረቀቷ አለች። ጎረቤቶቹ ዲያቆን ኪዳነወልድና ወለተሐና በተክሊል ሲጋቡም ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሲያይ፣ እሱ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማኅተሙን ያይ ነበር። «አልደበዘዘም» ብሎ መለሰላቸው፤ ከምርቃቱ ሁሉ ወለተሐና የምታስታውሰው ይህችኑ ነው።

ሁለት አባባል አለው። አንዱ «ማኅተም የሌለው ወረቀት መጠቅለያ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ረጅም ነገር ሊያስረዳ ሲል የሚናገረው ነው፤ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፍና፣ «ከመጀመሪያው እንጀምር» ይላል። ይህን ሲሰማ በቅርብ ያለ ሰው በግ ጠፍቶበት እንደነበር ትዝ ይለዋል።

አንድ ሰው ብቻ መሸሽ አይችልም ነበር፤ አራስ። ወለተሐና በዚያ ክረምት አራስ ሆና ተኝታ ነበር።

ወለተሐና የወለደችበትን ሰሞን የምታስታውሰው በቁርጥራጩ ነው፤ ጉም ውስጥ እንደታየ አገር፣ እዚህ አንድ ዛፍ፣ እዚያ አንድ ጣሪያ። ምጥ ጤና ጣቢያ ጀመራት፤ አልሆን አለ። አምቡላንስ መጣ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ ጉሙ ሸፍኖት፣ መኪናው የሚሄድ ሳይሆን አገሩ በእሱ ሥር ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስል ነበር። ባሏ እጇን ይዞ ውዳሴ ማርያም ያደርሳል። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ የማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ቀኑ አልተጻፈም» ይላል። ማን እንደጠራው፣ እንዴት እንደተሳፈረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ምጧ ሲበረታ ያንን ድምፅ ያዘች። ዓለም ልታልቅ ብትሆን ቀኑ ተጽፏል አልተጻፈም ብሎ የሚጨነቅ ሰው አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ አላለቀችም፤ እንዲህ አሰበች።

ልጅቱ ሰኔ አሥራ አራት ተወለደች። ታፍና ስለነበር ሳታለቅስ ቀረች፤ ዘግይታ አለቀሰች። ዘጠኝ ቀን ማሞቂያ ክፍል ተኛች፤ እናቷ በመስተዋት በኩል እያየቻት። በእነዚያ ቀናት ጋሽ ባየው ሆስፒታሉን እንደ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ከፈለው። ካርድ ክፍሉ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ሁሉ ይገባል፤ ጩኸት አለ። ሐኪሞቹ ያሉበት ቅድስት ነው። ገንዘብ ቤቱ መቅደስ ነው፤ በትንሽ መስኮት ካልሆነ ወደ ውስጥ አይታይም። በሦስቱም መካከል ፌስታሉን ይዞ ሲመላለስ ዋለ፤ ማታ ማታ ኪዳነወልድን ደረሰኝ ያስቆጥረዋል።

አሁን ነገሩን ማስረዳት ይገባል። አስቸጋሪ ይመስላል እንጂ ጫፉን ላገኘ ሰው እንደ ሹሩባ የሚፈታ ነገር ነው፤ እንዲያውም ደስ ይላል። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ለጤና መድን መዋጮ ይከፍላል። ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር ይሰጠዋል። የታመመ ሰው አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ካልተቻለ ጤና ጣቢያው ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ያስተላልፈዋል። እዚያ ደብተሩን አሳይቶ ይታከማል። የታዘዘው መድኃኒት ከሆስፒታሉ ከጠፋ፣ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም ይመታበታል። ታካሚው በገንዘቡ ከውጭ ይገዛል፤ ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር አያይዞ ለመድን ቢሮው ያቀርባል፤ ገንዘቡ ይመለስለታል። ያልታመመው ለታመመው፣ ዘንድሮ ደህና የሆነው ለከርሞው እንዲከፍል የተደረገ ነው። እድር ማለት ነው፤ ለሞተ ሳይሆን ላልሞተ።

የወለተሐና ምጥ በነጻ ነበር። የልጅቱ መድኃኒት ግን ሦስት አራተኛው ከውጭ ተገዛ፤ ሰባት ሺህ አራት መቶ ስድሳ ብር ወጣ። ኪዳነወልድ ዲያቆን ብቻ አይደለም፤ ባና ሸማኔ ነው። ያ ገንዘብ በመስከረም የበግ ጠጉር ሊገዛበት ያስቀመጠው ነበር። ጠጉር ካልተገዛ አይፈተልም፤ ካልተፈተለ አይሸመንም፤ ካልተሸመነ ዓመቱን የሚበላ የለም። ስለዚህ የደረሰኙ ገንዘብ መመለስ ነበረበት። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ያለው እንቅፋት አንድ ነበር። ልጅቱ ራሷን የቻለች ታካሚ ናት። በተወለደች በስድሳ ቀን ውስጥ በሙሉ ስሟ ደብተሩ ላይ ካልገባች፣ ለእሷ የወጣ ገንዘብ አይመለስም። እና ልጅቱ ስም የላትም።

ስም ያጣችው በስንፍና አይደለም። በወለተሐና አማት በቄስ ገብረ ጻድቅ ቤት ስም ከጥምቀት አይቀድምም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና ስሟን ካህኑ ይሰጣል፤ ከዚያ ቤት ተገብቶ እናቷ የቤት ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ትናገራለች። ከዚያ በፊት «ልጅቱ» ናት። ስሟ የተጠራ ያልተጠመቀ ልጅ፣ የሰው ዓይን አድራሻውን እንዳወቀው ነው ይላሉ፤ ይልቁንም እንዲህ ታፍና የተረፈች። ሆስፒታሉም ይህን ያወቀ ይመስል በየወረቀቱ ላይ «የወለተሐና ሕፃን» እያለ ነበር የጻፈው።

እንግዲህ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ቢሮው ስድሳ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ ትላለች፤ መካከሉ ሃያ ቀን ነው።

ኪዳነወልድ በሐምሌ ቅጹን ተቀብሎ ሞላ። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ብራና ላይ የተማረ ነው። «የሕፃኑ ሙሉ ስም» በሚለው ቦታ ላይ፣ ዲያቆን መዋሸት ስለማይችል፣ በቀይና በጥቁር ቀለም «ገና አልተጠመቀችም» ብሎ ጻፈ። የመድን ቢሮዋ ሠራተኛ ማኅደረማርያም ቅጹን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዲያቆን፣ ይሄ ስም ነው?»

«እውነት ነው።»

«እውነትነቱን አይደለም የጠየቅሁት።»

«ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ እቱ።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ባዶ ቦታ አይቀበልም። ይሄን ብጽፍለት ደግሞ ልጅቱ እስክታገባ ድረስ ‹ገና አልተጠመቀችም ኪዳነወልድ› ተብላ ልትጠራ ነው።» አዘነችለት፤ ሣቋንም ዋጠች። «ነሐሴ አሥራ ሦስት የመጨረሻው ቀን ነው። ስም ይምጣ፤ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ።»

ኪዳነወልድ ቅጹን አጥፎ ወጣ። በሩ ላይ መልአከ ደረሰኝ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ባየው በየማለዳው አራስ ቤት ይመጣ ነበር። ወንድ ስለሆነ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከመጋረጃው ወዲያ፣ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣል። ከመጋረጃው ወዲህ ወለተሐና ልጇን ታቅፋ በሙቀትና በእንቅልፍ መካከል ትንሳፈፋለች። ክረምት ነው፤ ጎረቤላ ከጉም በላይም ከጉም በታችም አይደለችም፤ ውስጡ ናት። ጉሙ በበሩ ገብቶ በመስኮት ይወጣል። ዕለቱ ሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚያውቅ የለም። በዚያ ውስጥ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ።

«ከመጀመሪያው እንጀምር፣ ወለቴ። መድን ማለት ምንድነው?»

«አንተ ባየው፣» ትላለች እማማ አመተ ማርያም፣ የኪዳነወልድ እናት፣ ገንፎዋን እያማሰለች፣ «ትናንትም ከመጀመሪያው ነው የጀመርከው።»

«ትናንት አላለቀማ።»

«አራስ እኮ ናት። ትተኛበት።»

«ትተኛ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።»

እውነቱን ነው፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። ማዘዣ፣ ደረሰኝ፣ «የለም» የሚል ማኅተም፤ ማዘዣ፣ ደረሰኝ፣ «የለም»። አንዱን አንሥቶ ያነባል፤ ያስቀምጣል፤ ሌላውን ያነሣል። ወለተሐና መጀመሪያ ራሷን አመማት። በሳምንቱ ለመደችው። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ያለ እሱ ድምፅ አልተኛ አለች። በሰዓቱ ካልመጣ ታለቅሳለች፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከውጭ ስትሰማ ዝም ትላለች። እማማ አመተ ማርያም ይህን አይታ፣ «ምን ይሉታል ይሄን፤ የመድን ልጅ» አለች።

አንድ ቀን ወለተሐና እዚያው ሸለብ ሲያደርጋት ሰማይ ቤት ሄደች። በሩ ላይ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ አንድ ክንፋም ተቀምጧል፤ ከፊቷ የተሰለፈው ጋሽ ባየው ነው።

«ኃጢአትህ ተሰርዮልሃል፤ እለፍ» ይለዋል ክንፋሙ።

«በቃል ነው?» ይላል ጋሽ ባየው። «በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

ሰልፉ ከኋላ እስከ አድማስ ድረስ ቆሟል፤ ማንም አይቆጣም፤ ሁሉም ጉም ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ክንፋሙ ማኅተም ሊፈልግ ይሄዳል። ነቃች፤ እየሣቀች ነበር የነቃችው። ከወለደች ወዲህ ስትሥቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ቄስ ገብረ ጻድቅና ኪዳነወልድ ከሌሊት ጀምረው ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቅዳሴ ወጥተው ቤት ሲደርሱ ከሰዓቱ ብዙ ሄዷል። ቢሮም ተዘግቷል። ስለ ስሙ የሚነጋገሩት በዚያች በምትተርፈው ሰዓት ነው፤ የሚነጋገሩትም ያው ነው።

«እንዲያው ለጊዜው ማንኛውንም ስም ለቢሮው እንስጥ» አለ ኪዳነወልድ አንድ ማታ፤ ከብዶት ነበር፤ ሽመና ዕቃውን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። «ዓለሚቱ እንበላት፤ በኋላ በክርስትናዋ ትቀየራለች።»

ያን ማታ ጋሽ ባየውም ከመጋረጃው ወዲያ መደቡ ላይ ነበር። ወለተሐና ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «የውሸት ወረቀት በእኔ እጅ አያልፍም» አለ። «አርባ ዓመት ጽፌአለሁ። አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ብዬ አልጻፍኩም። ይቺ ልጅ ወደ ዓለም ስትመጣ የመጀመሪያ ወረቀቷ ውሸት ሊሆን ነው?»

«ታዲያ ምን ይሁን፣ ጋሼ?»

«እሱን ነው የማስበው።»

ቄስ ገብረ ጻድቅ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «የአባቶቼ ቤት ነው፣ ባየው» አሉ። «ይቺን ልጅ እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ነው የሰጠን። በእሷ ላይ ሥርዓት ማፍረስ እፈራለሁ። ጠጉሩ የሚቀር ከሆነ ይቅር።» ኪዳነወልድ ወደ ሽመና ዕቃው አላየም።

ወለተሐና የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ለማንም አልነገረችውም። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት፣ በመስተዋቱ ወዲህ ቆማ፣ ልጅቱን በስም ትጠራት ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ማሽኑ ሲጮህ ትጠራታለች፤ ማሽኑ ዝም ሲል ትጠራታለች። «ልጅቱ» የሚለው ስም ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ የሚጠራ ነበር፤ እሷ እንድትሰማት የፈለገችው አንዷን ነው። ልጅቱም ተረፈች። ከተረፈች በኋላ ግን ፍርሃት ያዛት። ሥርዓቱን አፍርሻለሁ፤ ሰው ከሰማ፣ ነገ ትንሽ ጉንፋን እንኳ ቢይዛት ከእኔ ይሆናል፤ እያለች በልቧ ቀበረችው።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ደረሰ፤ ቡሄ። ከጉሙ ውስጥ ጅራፍ ይጮሃል፤ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይለይም። ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጋሽ ባየው ከመደቡ ላይ ነው፤ ዛሬ ግን አያነብም። ልጅቱ አልተኛ ብላለች። ደጃፍ ላይ ልጆች ቡሄ ሲጨፍሩ እማማ አመተ ማርያም በዕንቅቧ ሙልሙል ይዛ ወጣች።

ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ወለቴ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ቢሮው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። እስኪ ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ። ሆስፒታል በነበርን ጊዜ፣ እኔ ከገንዘብ ቤት ስመለስ፣ አንቺ መስተዋቱ ጋ ቆመሽ አይሽ ነበር።»

ወለተሐና ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር። መጀመሪያ ጸሎት መሰለኝ። ጸሎት ግን ይረዝማል። አንቺ ያልሽው አጭር ነበር፤ ደግመሽ ደግመሽ ያው።»

ውጭ ልጆቹ ዜማቸውን ከፍ አደረጉ። ልጅቱ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች፤ እነዚያ ዓይኖች ገና የሰውን ፊት ከጉም መለየት የጀመሩ ናቸው።

«ሰው ከሰማስ፣ ጋሼ?»

«ማን ይሰማል? አንቺ አለሽ፣ እኔ አለሁ።»

«አንቱ እኮ...» አለች። እንዴት ትንገረው። የዶሮ ወረቀት ለገበያ ሰው የሚያነብ፣ የሰው የመብራት ሂሳብ ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ፣ ጎረቤላ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ቀጥሎ የሚሰማ እሱ ነው።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ባየው። ለመጀመሪያ ጊዜ አላስረዳም።

ወለተሐና ልጇን አየቻት። የጠጉሩን ገንዘብ አሰበች፤ የቆመውን ሽመና አሰበች። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ ከልቧ መውጣት ፈልጎ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ታፍኖ ነበርና። በመጋረጃው በኩል ተናገረችው።

ብዕር ሲጽፍ ሰማች። ቅጹ በመጋረጃው ሥር ተሻግሮ ገባ፤ ፈረመች፤ ተመልሶ ወጣ። እማማ አመተ ማርያም ባዶ ዕንቅቧን ይዛ ስትመለስ መደቡ ላይ ማንም አልነበረም።

«ሄደ እንዴ? ሳያስረዳ?» አለች። «አሞት ይሆን?»

ማታ ኪዳነወልድ ሲጠይቀው ጋሽ ባየው፣ «ለቢሮው የሚበቃ ነገር ጽፌአለሁ፤ እውነትም ነው» አለው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልተነፈሰም። ኪዳነወልድ ቢለምነው ቢማጸነው የተዘጋ መስኮት ሆነበት። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ሰው፣ ሰላምታ ሲሰጣችሁ እንኳ ምክንያቱን የሚያብራራ ሰው፣ ሃያ ቀን አፉን ሊዘጋ ነው።

ችግሩ አፉ ብቻ አልነበረም። የመድን ቢሮው ሥራውን በግልጽ ነው የሚሠራው፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ገንዘብ የሚመለስላቸውን ታካሚዎች ስም ዝርዝር አትሞ፣ ማንም አይቶ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ፣ ለሦስት ቀን ከደጅ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ነሐሴ ሃያ አምስት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ጎረቤላ ደግሞ ሰሌዳ የምታነብ ከተማ ናት።

ወለተሐና ስለዚህ የሰማችው ከባሏ ነው። ኪዳነወልድ ገብቶ ገንዘቡ ተፈቅዷል ብሎ ፊቱ በርቶ ነበር፤ አንድ ማኅተም የሳሳበት ደረሰኝ ብቻ ተቀንሶ። የክፍያ ወረቀቱም በእሱ በአባወራው ስም ስለሆነ የልጅቱን ስም አላየም። ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ፣ «ጋሽ ባየው ግን አንድ ነገር ሆኗል» አላቸው።

«ምን ሆነ?» አለች እናቱ።

«ከትናንት ጀምሮ የቢሮው ሰሌዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጧት ሲከፈት ይመጣል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጀርባውን ይለጥፋል፤ ሲዘጋ ይሄዳል። ዝናቡ ላዩ ላይ ይወርዳል። ‹ጋሼ ምን ይጠብቃሉ?› ቢሉት ‹ፀሐይ› ይላል። በክረምት። ዝርዝሩን ላይ ብዬ ‹እስኪ ዞር በሉልኝ› ብለው፣ ‹ያንተን እኔ በቃሌ ልንገርህ፤ ተፈቅዷል፤ ሂድ› አለኝ። ሰው ጃጀ እያለ ነው።»

«ምስኪን» አለች እማማ አመተ ማርያም። «ወረቀት አናቱ ላይ ወጣበት።»

ወለተሐና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያለቀሰች መስሏቸው ተዉአት። እሷ ግን ከዝርዝሩ መካከል አንዲት መስመር፣ ከእርጥብ ጋቢና ከአንድ ሽማግሌ ጀርባ ሥር ሞቃ ተኝታ ይታያት ነበር። ሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ቆሞ ዋለ። በአራተኛው ቀን ማኅደረማርያም ዝርዝሩን አነሣች፤ ጋሽ ባየውም ሳል ይዞት ቤቱ ገባ።

ልጅቱ በዚያን ሳምንት ክፉኛ አስቸገረች። እናቷ ድምፅዋን ቀስ አድርጋ፣ ማዘዣ፣ ደረሰኝ፣ «የለም» እያለች ልታስተኛት ሞከረች። አልሆነም። ሰውዬው ነው እንጂ ቃሉ አልነበረም።

ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጅቱ ክርስትና ተነሣች። ሰማዩ ተከፍቶ ዝናብ ወረደ፤ ሰው ሁሉ የዕለቱ ዝናብ ጸበል ነው ብሎ ሳይጠለል ተራመደ። ወለተሐና ከሰማንያ ቀን በኋላ ወጥታ ስታይ፣ ጉሙ ከሥር እስከ ቆላው ድረስ ተነጥፎ፣ አገሩ ከላዩ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ተመልሰው ቤት ሲገቡ ዘመድ ጎረቤት ሞልቷል። ጋሽ ባየው ከሳሉ ገና አልዳነም፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከዚያው ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። መጋረጃው ተነሥቶ ስለነበር ፊቱን በደንብ አየችው። ከሳ ብሏል።

ቄስ ገብረ ጻድቅ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። የክርስትና ስሟን ለሁሉ አሰሙ፤ ወለተ ሩፋኤል። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«የቤት ስሟን እናቷ ትናገር።»

«ሔራን» አለች ወለተሐና። ይህን ስም በድምፅ ስትናገረው ሁለተኛዋ ነበር።

ቤቱ አንድ ላይ ተነፈሰ። ኪዳነወልድ ለራሱ ደገመው፤ እማማ አመተ ማርያም ለጎረቤቷ ደገመችው፤ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ እስከ በሩ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ጋሽ ባየው እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ማን አልሽ፣ ልጄ? አልሰማሁም፤ ድገሚልኝ።»

«ሔራን፣ ጋሼ።»

«ሔራን።» አጣጣመው። ዙሪያውን አየና ለቤቱ ሁሉ፣ «ቆንጆ ስም ነው። አዲስ ሆነብኝ» አለ።

በወረቀት ላይ አንድ ኩንታል ጨምሮ የማያውቀው ሰው፣ በካህን ፊት፣ በተጠመቀች ልጅ ፊት፣ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ። ወለተሐና ብድግ አለች። እጃቸውን የዘረጉትን አያቶች አልፋ፣ ኪዳነወልድንም አልፋ፣ ልጅቱን ወስዳ እሱ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት።